ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳው ላፕቶፕ

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ወይም ኪቦርዱ አንዳንድ ፊደል አልመታ ያለው ላፕቶፕ ካለዎት አይሽጡት። የዛሬ አሥር ዓመት የተገዛ እንኳ ቢሆን የቤት ሰርቨር ለመሆን ይበቃል። ሰርቨር ስልክዎ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ሲጠይቀው ፋይል የሚያቀብል፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ማሽን ነው። ስክሪኑን የሚያይ፣ ኪቦርዱንም የሚነካ የለም።

ብዙዎች ለዚህ ሥራ የሚገዙት ራዝቤሪ ፓይ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበውን መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተር ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። መብራት በሚመላለስበት ቤት ግን እኔ ላፕቶፑን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ባትሪ አለው። ፓይ መብራት በሄደበት ቅጽበት ይጠፋል፤ እየተጻፈ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ማዘዝም ይቻላል። መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት እንዲመዘግብ ቢያደርጉት ደግሞ በወሩ መጨረሻ የሰፈርዎን የመብራት ታሪክ በእጅዎ ያገኛሉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ባትሪው ካበጠ ግን አይጠቀሙበት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። በላፕቶፑ ላይ ያለውን የሚፈልጉትን ፋይል አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያ ዴቢያን የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ዓይነት ይጫኑ፤ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። ከዚያ የሚፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ይጫኑበት። ኔክስትክላውድ የተባለው የስልክዎን ፎቶዎች ይቀበላል። ኪዊክስ የተባለው ደግሞ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚሆን ሰፊ ዲስክ ያዘጋጁ። አንዴ ከወረደ ልጆች ያለ ዳታ ወጪ ያጠኑበታል።

የመብራት ሒሳቡ አያስፈራም። ላፕቶፑ በአማካይ 15 ዋት ቢወስድ በወር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው።

ከውጭ ሆነው ፋይልዎን ማየት ከፈለጉ የራውተሩን በር ለዓለም ሁሉ አይክፈቱ፤ ዋየርጋርድን የመሰለ የተመሰጠረ መስመር ይጠቀሙ።

ዲስክ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ ላፕቶፑ በየሌሊቱ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ እንዲገለብጥ ያድርጉ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። ቅጂው መኖሩን ብቻ አይመኑ፤ በወር አንዴ ከቅጂው አንድ ፎቶ አውጥተው ይክፈቱና ይዩት።