ኦካፒን ከነደኑ ለልጆች ማስተዋወቅ

ልጆች የኦካፒን ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለከቱ የሜዳ አህያ ነው ብለው መገመታቸው የሚጠበቅ ነው። በእንስሳው ጭንና እግሮች ላይ የሚታዩት ጥቁርና ነጭ መስመሮች ለዚህ ግምት ያበቃሉ። ይሁንና ኦካፒ የቅርብ ዘመዱ ቀጭኔ ሲሆን፣ በዱር የሚኖረውም በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የዝናብ ደን ውስጥ ብቻ ነው። በመሆኑም ኦካፒን ለልጆች ማስተዋወቅ ስሙንና መልኩን ከማስጠናት ባለፈ፣ አንድ እንስሳ ከሚኖርበት ደን ጋር ያለውን ቁርኝት ለማስረዳት የሚያግዝ ነው።

የልጆቹ የተሳሳተ ግምት ለትምህርቱ መነሻ እንጂ እንቅፋት ሊሆን አይገባም፤ የሳይንስ ሰዎችም የጀመሩት በተመሳሳይ ግምት ነውና። በኡጋንዳ የብሪታኒያ ልዩ ኮሚሽነር የነበሩት ሰር ሃሪ ጆንስተን ከእንስሳው ቆዳ የተቆረጡ ጥብጣቦችን አግኝተው ወደ ለንደን ልከው ነበር። ፊሊፕ ስክሌተር የተባሉት ምሁርም ጥብጣቦቹን መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1901 እንስሳውን ከፈረስና ከሜዳ አህያ ወገን መደቡት። በዚያው ዓመት የራስ ቅልና ሙሉ ቆዳ ሲደርስ ግን ሬይ ላንኬስተር እንስሳው የቀጭኔ ዘመድ መሆኑን በመገንዘብ ኦካፒያ የሚለውን የወገን ስም ሰጡት። የደኑ ነዋሪዎች የሆኑት ምቡቲዎች በበኩላቸው እንስሳውን ከዚያ በፊት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

ለልጆች ልዩነቱን ለማሳየት ሰኮናውን መመልከት ብቻ ይበቃል። የሜዳ አህያ እንደ ፈረስና እንደ አህያ ድፍን ሰኮና ሲኖረው፣ ኦካፒ ግን እንደ በሬና እንደ ፍየል ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው። ወንዱ እንደ ቀጭኔ በቆዳ የተሸፈኑ አጫጭር ቀንዶች አሉት። ቀጭኔ በኢትዮጵያም በጋምቤላ የሚገኝ በመሆኑ ኢትዮጵያውያን ልጆች ከሚያውቁት ተነስተው ወደማያውቁት እንዲሻገሩ ይረዳቸዋል።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ዘመዳሞቹ ለምን በቁመት ተለያዩ የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው በደኑ ውስጥ ነው። ቀጭኔ በገላጣ ሜዳ ከፍ ካሉ ዛፎች ቅጠል ሲበላ፣ ኦካፒ የሚመገበው ከትላልቅ ዛፎች ሥር ከሚበቅሉት ቁጥቋጦዎችና ችግኞች ነው። በትከሻው በኩል 1 ነጥብ 5 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በመሆኑ በተጠላለፉ ቅርንጫፎች መካከል ለማለፍ አይቸገርም። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ በሚረዝመው ምላሱ ቅጠል ይሸመጥጣል፤ ዐይኑንና ጆሮውንም ያጸዳል። ቅባታማ ጠጉሩ የዝናብ ውኃን ያንሸራትታል። ነጫጭ መስመሮቹም በቅጠሎች መካከል ሾልኮ ከሚገባው የፀሐይ ብርሃን ጋር ስለሚመሳሰሉ ከእይታ ይሰውሩታል።

ልጆችን ይበልጥ የሚስበው የግልገሉ አስተዳደግ ነው። እናቲቱ ከ14 እስከ 15 ወራት ገደማ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ግልገሉ በተወለደ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ቆሞ ለመራመድ ይበቃል፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ያሳልፋል። ለአንድ ወር ያህል ዐይነ ምድር የማይወጣው በመሆኑ ነብር ሽታውን ተከትሎ ሊያገኘው ያለው ዕድል ይቀንሳል። እናትና ልጅም የሰው ጆሮ ሊሰማው በማይችል እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ ይጠራራሉ።

ይህ ሁሉ የመሰወር ችሎታ ግን እንስሳውን ከሰው አልጠበቀውም። ለዚሁ ዓላማ የኦካፒ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል እ.ኤ.አ. በ1992 በኢቱሪ ደን የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1996 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት /ዩኔስኮ/ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በአካባቢው በነበረው የትጥቅ ግጭትና ሕገ ወጥ አደን ምክንያት በቀጣዩ ዓመት በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ታጣቂዎች ኤፑሉ የሚገኘውን ማዕከል አጥቅተው የጥበቃ ሠራተኞችን ጨምሮ ሰዎችን ገደሉ፤ በማዕከሉ የነበሩ 14 ኦካፒዎችንም ፈጁ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2013 ኦካፒን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መደበው።

ይህን ክፍል ለልጆች ሲያስረዱ መደበቅም ማስፈራራትም አይጠቅምም። ዕድሜያቸውን ባገናዘበ መልኩ ደኑ ለማዕድን ቁፋሮ፣ ለእርሻና ለእንጨት ሲመነጠር የኦካፒ ምግብና መሸሸጊያ አብሮ እንደሚጠፋ፣ ለጥበቃው ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎች እንዳሉም መግለጽ ተገቢ ነው። ልጆቹ ረጅሙን ምላስ፣ ቅባታማውን ጠጉርና የግልገሉን መሸሸጊያ አስቀድመው ካወቁ፣ ኦካፒ ያለ ደኑ ሊኖር እንደማይችል ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። ኦካፒን ማዳን ደኑን ማዳን መሆኑን ለትውልድ የማስተላለፉ ኃላፊነትም ከወላጆችና ከመምህራን ባሻገር በትምህርትና በተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማሩ አካላት ሁሉ ድርሻ ነው።