ከትርፍራፊ ክር የልጅ ኮፍያ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኪሮሽ የሚሠሩ እናቶችና እህቶች በየቤቱ አሉ። ዳንቴሉ ወይም ሹራቡ ሲያልቅ የተረፈው ክር በፌስታል ታስሮ ይቀመጣል። ለመጣል ያሳሳል፤ ለብቻውም አይበቃም። ዛሬ ከዚህ ትርፍራፊ የልጅ ኮፍያ እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገራለን። «ኢማምን ኪሮሽ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኢስራፍ ይቅር ብለን ከመከርን፣ እንዴት እንደሚቀር ማሳየትም የኛው ድርሻ ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ በቤቴ የደረሰ ጥፋት ነው። ባለቤቴ ለትንሹ ልጃችን ለዒድ ባለ መስመር ኮፍያ ሠራችለት። ነጩ ጥጥ፣ አረንጓዴው የበግ ሱፍ ነበር። በዋዜማው እኔ ላግዝ ብዬ በሙቅ ውኃ አሸሁት። ሱፉ ተኮማተረ፤ ጥጡ እንዳለ ቀረ። ኮፍያው ከልጁ ራስ አልገባ አለ። የአራት ሌሊት ድካም በአንድ እጥበት ጠፋ። ያለ ጥንቃቄ የተደረገ ቁጠባ ክሩንም ድካሙንም ያባክናል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። የክሩ ዓይነት ካልታወቀ፣ አዋቂ ሰው ትንሽ ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዞ ውኃ ካለበት ሳህን በላይ ያቃጥል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ሰው ሠራሹ ክር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። አንዱን ዓይነት ከሌላው አትቀላቅሉ። ውፍረቱም ይመጣጠን፤ ቀጭኑን ደርቦ መሥራት ይቻላል። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት።

ቀጥሎ የልጁን የራስ ዙሪያ ለኩ። 48 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ሲካፈል 15 ገደማ ይመጣል። የኮፍያው ክብ አናት ስፋት ይህን ያህል ነው፤ ክሩ ስለሚለጠጥ 1 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ይሻላል። በአጭሩ አሠራር ከመሐል በ6 ቀለበት ተጀምሮ በየዙሩ 6 ይጨመራል፦ 12፣ 18፣ 24 እያለ። ጠርዙ ከተርገበገበ ጭማሪው በዝቷል፤ ቶሎ ወደ ውስጥ ከጎበጠ አንሷል። አናቱ ልኩ ሲደርስ ጭማሪውን አቁማችሁ ቁመቱ እስኪበቃ ዙሩን ቀጥሉ።

ቀለም የሚለወጠው በዙር መጀመሪያ ነው። አንድ ዙር ስንት ክንድ ክር እንደ ፈጀ ለኩ፤ የቀረው ከዚያ ካነሰ ዙሩን አትጀምሩበት። በብዛት ያለውን ቀለም ለመጨረሻው ጠርዝ አስቀሩ። ጫፎቹን ቋጥራችሁ ብቻ አትተዉ፤ በመርፌ ወደ ውስጥ ሸጉጧቸው።

ባለቤቴ ሁለተኛውን ኮፍያ ከጥጥ ብቻ ሠራች። ልጁ ዛሬም ያደርገዋል፤ እጥበቱን ግን ለኔ አትሰጠኝም።

አላህ በእጃችን ባለው ላይ በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።