ከጽላት ስባሪ ላይ የአንድን ቃል ፍች ስለ መፈለግ

ሐቱሻ የኬጢያውያን ዋና ከተማ ነበረች፤ ፍርስራሿም በቱርክ አገር በቦጋዝኮይ ይገኛል። ሁጎ ቪንክለር እ.ኤ.አ. በ1906 ቁፋሮ ከጀመረ ወዲህ ከዚያ 30,000 ያህል የሸክላ ጽላቶችና ስብርባሪዎች ወጥተዋል። የተጻፉትም ሽብልቅ በሚመስለው በኩኔይፎርም ጽሕፈት ነው። ከኬጢያውያን ቋንቋ ሌላ የእኅቱ የሉዊኛ ቃላትም ይገኙባቸዋል። እዚህ የምንመለከተው ተነብቦ ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል በምን መንገድ እንደሚፈታ፣ መንገዱም እስከ ምን ድረስ እንደሚያስተማምን ነው።

የመጀመሪያው ረዳት ዐውዱ ነው። የኬጢያውያን ጸሐፊዎች አንዳንዱን ቃል በሱመራውያን ምልክት ይተኩት ነበር። ቼካዊው ሊቅ ቤድርዥህ ህሮዝኒ «ዳቦ» የሚለውን ምልክት አይቶ አጠገቡ ያለው ግስ «መብላት» ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ቀጥሎ ያለውን «ዋታር»ንም «ውሃ» ብሎ ፈታው። ግምቱን ያጸናለት የአንድ ቃል መመሳሰል ብቻ ሳይሆን፣ የስሞቹና የግሶቹ እርባታ ከኢንዶ አውሮፓ ቋንቋዎች ጋር መስማማቱ ነው። ይህንንም በ1915 አስታወቀ።

ዐውዱ ሲጎድል ግን ሥራው ይከብዳል። ለምሳሌ በኢስታኑዋ ከተማ የአምልኮ ሥርዓት ጽሑፍ ውስጥ የአንድ ሉዊኛ ዘፈን መነሻ ስንኝ ብቻ ተመዝግቧል። በውስጡ «አላቲ» እና «ዊሉሳቲ» የሚሉ ቃላት አሉ። «-አቲ» የሚለው ባዕድ መድረሻ እኛ «ከ» ወይም «በ» የምንለውን ያመለክታል፤ የግሱም መድረሻ የመጡት ብዙዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ዊሉሳ የአገር ስም ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት ከሆሜር ኢልዮስ፣ ማለት ከትሮያ ጋር አንድ ያደርጓታል። እንግዲህ የቀረው «አላ-» ብቻ ነው።

ካልቨርት ዋትኪንስ በ1986 በታተመ ጽሑፉ «ገደላማ» ብሎ ተረጐመው። ሆሜርም ኢልዮስን በዚህ ቅጽል ስለሚጠራት፣ ስንኙ በሉዊኛ የተዘፈነ የትሮያ ታሪክ መነሻ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ይማርካል። ነገር ግን ፍቹን ከሆሜር ወስደን መልሰን ለሆሜር ማስረጃ ብናደርገው፣ ባለጉዳዩን ለራሱ ምስክር ማቆም ይሆናል። ምስክሩ መምጣት ያለበት ቃሉ ከሚገኝባቸው ከሌሎች የሉዊኛ ጽሑፎች ነው።

ስለዚህ በጽላቱ ላይ የሚታየውን፣ ሰዋስው የሚያረጋግጠውንና እኛ የምንገምተውን ለያይተን መጻፍ ይገባናል። ያለ ጥያቄ ምልክት መዝገበ ቃላት የገባ ግምት ከኋላ ለሚመጣው ተማሪ እውነት መስሎ ይቆየዋልና።