አሥራ አንድ አቤቱታዎች እና የዲላው ራቭ ፎር

በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት በቶዮታ ራቭ ፎር ላይ ምርመራ ከፈተ። መነሻው 11 አቤቱታ ነበር። ከምንም ጋር ሳይጋጩ፣ ሳይገለበጡ ከሞተራቸው ክፍል እሳት የተነሣባቸው መኪኖች ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ.፣ ቶዮታ ከ2013 እስከ 2018 ሞዴል ያሉ 1.85 ሚሊዮን ገደማ ራቭ ፎሮችን በአሜሪካ ለነጻ ጥገና ጠራ።

የእሳቱ ምክንያት ማንኛውም የዲላ መካኒክ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባው ነው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ባትሪ ሲያረጅ በሌላ ይተካል። ገበያ ላይ ካሉት ምትክ ባትሪዎች አንዳንዶቹ የላይኛው ክፍላቸው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ገብቶ ማሰሪያው ብረት በደንብ ካልጠበቀ፣ መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ባትሪው ከቦታው ይንሸራተታል፤ የፖዘቲቩ ጫፍ ማሰሪያውን ብረት ይነካል፤ ኮንታክት ይፈጠርና እሳት ይነሣል። መፍትሔውም ማሰሪያውን፣ የባትሪውን መቀመጫና የፖዘቲቩን ክዳን በተሻሻለ ዓይነት መቀየር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ባትሪውን የቀየረው ባለንብረቱ ወይም የሰፈሩ ጋራዥ ነው፤ በደንብ ያላሰረውም እሱ ነው። ሆኖም ጥገናውን በራሱ ወጪ የሠራው አምራቹ ነው። ባትሪ መቀየር ማንም የሚያደርገው ተራ ሥራ ስለሆነ፣ በተራ ሥራ ላይ በምትፈጠር ትንሽ መዘናጋት መኪናው የሚቃጠል ከሆነ የአሠራሩ ንድፍ ራሱ ጉድለት አለበት። እኛ አገር ባለመኪና ሲያማርር ቶሎ የሚሰጠው መልስ «አያያዝህ ነው» የሚል ነው። መልሱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ውይይቱን የሚዘጋ መሆን የለበትም።

ይህ ጉዳይ ለጌዴኦ ዞን ሰው ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። ዲላ ከባህር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የቡሌ ደጋ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከሞያሌው አስፋልት ወደ ጎን ታጥፎ ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቸሬ ወይም ወደ ገደብ ቀበሌዎች የሚወጣ መኪና ሽቅቡንና ቁልቁሉን፣ ጠመዝማዛውን፣ በዝናብ ጊዜም ቀዩን ጭቃ ያገኘዋል። በቡና ለቀማ ወቅት ደግሞ ሰውና ጆንያ ይጨመርበታል። ባትሪውን ከቦታው የሚያንሸራትተው በኃይል መታጠፍ እዚህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና እዚህ የሚፈለገውም በመንገዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ በለስላሳ አስፋልት ላይ ዓመታት ቆይቶ የሚታይ ጉድለት እዚህ ቶሎ ቢመጣ አይደንቅም።

የጥገና ጥሪው ግን እዚህ አይደርስም። ጥሪ የሚሠራው አምራቹ የእያንዳንዱን መኪና የሻንሲ ቁጥር ከባለቤቱ አድራሻ ጋር አያይዞ ማግኘት ሲችል ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ያገለገለ ሆኖ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ በአዲስ አበባ በደላላ ተሸጦ፣ ሐዋሳ ሁለተኛ ባለቤት ያገኘና ዲላ ሦስተኛ እጅ የደረሰ መኪና ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ደብዳቤው የሚላከው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። በዚያ ላይ መኪኖቻችን ዕድሜያቸው ይረዝማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። ፖሊሲው የራሱ ምክንያት አለው፤ ውጤቱ ግን አገር ውስጥ ያለው ራቭ ፎር እየተጠገነ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ደግሞ መኪናውን ከታሪኩ ያርቀዋል።

ራቭ ፎር ላይ ከባትሪው በፊትም ሌሎች ጥሪዎች ነበሩ። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የኋላ እግሩ ጉዳይ ይመስለኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል ያሉ ራቭ ፎሮችን፣ ከአንድ የሌክሰስ ሞዴል ጋር፣ በአሜሪካ ወደ 780 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን ጠራ። የኋላ ጎማዎችን አቅጣጫ የሚይዘው ዘንግ በዳዶ ይጠብቃል። አላይመንት ሲሠራ ዳዶው ይፈታና ተመልሶ ይታሰራል። በሚገባው ልክ ካልታሰረ ጥርሱ ይበላል፣ ዝገት ይገባበታል፣ በመጨረሻም ዘንጉ ሊለያይ ይችላል፤ ያኔ አሽከርካሪው መኪናውን መቆጣጠር ያቅተዋል። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው እነዚያኑ መኪኖች እንደገና ጠራቸው፤ ከተጠገኑት አንዳንዶቹ በትክክል አልተሠሩም ነበር። በወኪል ጋራዥ፣ በመመሪያ የተሠራ ሥራ ሁለተኛ ዙር ካስፈለገው፣ ያለ መጠበቂያ መለኪያ በክንድ ኃይል ብቻ የሚታሰረው ዳዶ ምን ያህል ሊታመን ነው? ይህን የምለው የዲላን መካኒኮች ለመንቀፍ አይደለም። ብዙዎቹ በጥቂት መሣሪያ የሚሠሩት ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ግን የትኛው ዳዶ ነፍስ እንደሚይዝ የነገራቸው የለም።

ሦስተኛው የኋላ ወንበር ቀበቶ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 2.87 ሚሊዮን መኪኖች ተጠሩ፤ አብዛኞቹ ከ2005 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ራቭ ፎሮች ነበሩ። በከባድ የፊት ግጭት ጊዜ ቀበቶው ከኋላ መቀመጫው የብረት ክፈፍ ጋር ተፋትጎ ሊቆረጥ ይችላል ተባለ። ጥገናው ብረቱን በፕላስቲክ ሽፋን መሸፈን ብቻ ነው። ኋላ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻችንና እናቶቻችን ናቸውና፣ ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም።

አራተኛው ሂሉክስንም ይመለከታል። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ቶዮታ 27 ሞዴሎችን፣ በድምሩ 6.39 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ። በራቭ ፎርና በሂሉክስ ላይ ችግሩ በመሪው ውስጥ የሚጠቀለለው ሽቦ ነበር። መሪው በተዞረ ቁጥር ሽቦው ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ የኤርባግ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ይበራል፣ በግጭት ጊዜም የአሽከርካሪው ኤርባግ ላይፈነዳ ይችላል። ይህንን ቤቱ ሆኖ ማንም ሊፈትሽ ይችላል። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ማዞር ነው። መብራቱ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሹን ካልበራ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ አንድ ሰው መኪናውን ለመሸጥ ሲል አምፖሉን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

የመኪናዎ ሞዴል ከእነዚህ ውስጥ ካለ የመጀመሪያው ሥራ የሻንሲ ቁጥሩን ማግኘት ነው። ሊብሬው ላይ አለ፤ መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ማመሳከር ይገባል። ቁጥሩ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ሲሆን አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በፍጹም አይገቡበትም፤ ስለዚህ ክብ ሆኖ የሚታየው ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለው አንድ ነው። በጄ የሚጀምር ከሆነ መኪናው ጃፓን፣ በ2 የሚጀምር ከሆነ ካናዳ ተሠርቷል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና ጥሪ ይኑረው አይኑረው በዚያው አገር የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን በማስገባት በነጻ ይታያል። ለሌላው የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን መጠየቅ ይቻላል፤ ቅርብ ያለው ቅርንጫፍ ሐዋሳ ነው፣ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂው በእጅዎ ይቅር። ነጻ ጥገና ባይገኝ እንኳ ጉድለቱን ማወቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የባትሪውን ማሰሪያ፣ የኋላውን ዘንግ ዳዶና የወንበሩን ክፈፍ ለይቶ እንዲያይ ለመካኒኩ መንገር ይቻላል።

አቤቱታ በጽሑፍ መሆኑ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው ለሚል የፎርድ ኤክስፕሎረርንና የፋየርስቶን ጎማን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በሞቃት አገሮች፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በቬኔዙዌላ፣ ጎማው በፍጥነት ላይ እያለ ላዩ እየተላጠ መኪኖች ይገለበጡ ነበር። ፎርድ በ1999 እ.ኤ.አ. በሳዑዲና በአካባቢው ጎማዎቹን መቀየር ጀመረ፤ የአሜሪካ ደንበኞቹ ግን አልሰሙም። ከዚያ በፊት በ1998 የአንድ የመድን ድርጅት ተመራማሪ በፋይሎቹ ውስጥ 21 ተመሳሳይ የጉዳት ጥያቄዎች አይቶ ለመንግሥት አሳውቆ ነበር። በነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ተጠሩ። በአሜሪካ ከጎማው ጋር የተያያዙ ከ270 በላይ ሞቶች ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ አምራቾች በውጭ አገር የሚያደርጉትን ጥሪ ለአሜሪካ መንግሥት እንዲያሳውቁ አስገደደ። አደጋው አስቀድሞ የታየው ፀሐዩ በሚያቃጥልበት አገር ነበር፤ እዚያ የተጻፈው አቤቱታ አሜሪካ ደርሶ ሕግ እስኪያስወጣ ብዙ ሰው ሞተ።

በኢትዮጵያም ባለመኪና ባዶ እጁን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢውም ዕቃውን ጊዜ ሳያጠፋ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ብዙ የመኪና ሽያጭ ውሎች ላይ «ባለበት ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ይገባል። ይህ ቃል ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭን አያድንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ሲገኝበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ከግለሰብ የገዛ ሰው መንገዱ የፍትሐ ብሔሩ ነው። ለዚህም ነው ውልና ማስረጃ ከመሄድ በፊት ጥቂት መስመሮችን በውሉ ላይ ማከል የሚበጀው፦ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ መኪናው ተጋጭቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ ኤርባጉ እንዳለና መብራቱም እንደሚሠራ። ሻጭ እነዚህን ለመፈረም ካቅማማ ገዢው ከዚያ ማወቅ ያለበትን ያውቃል።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ግን ይህንን ሁሉ ይሸፍናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ምርመራው ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውን ያያል፤ የወንበር ክፈፍ ሽፋን አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ጋራዥ ለሠራው ሥራም ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኙ ላይ የተቀየረው ዕቃ ስም፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፍ። የተበላሸውን አሮጌ ዕቃ ጋራዥ ትቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ከዘንጉ፣ ከፍሬኑ ወይም ከመሪው የወጣ ከሆነ ግን ይዘውት ይሂዱ፤ በክርክር ጊዜ ከቃል የተሻለ ምስክር ነው። አቤቱታ ሲጽፉ ምሬቱ አጭር፣ ዝርዝሩ ረጅም ይሁን፦ ምን ተሰበረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ ስንት ሰው ተጭኖ፣ ከዚያ በፊት ያ ቦታ ተነክቶ ነበር ወይ። አንዱን ቅጂ ለሻጩ ወይም ለወኪሉ፣ አንዱን ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይስጡ።

የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶችና የመድን ድርጅቶች ደግሞ ማድረግ የሚችሉት ከዚህ ይበልጣል። በየጊዜው የሚወጡትን የጥገና ጥሪዎች በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በጌዴኡፋም ጭምር፣ አሳትሞ በየመመርመሪያ ጣቢያው መለጠፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ የሻንሲ ቁጥሩንና የተሰበረውን ዕቃ ለይቶ ቢይዝ፣ ከዲላም ከሌላም የመጡ ተመሳሳይ አደጋዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ራቭ ፎር ያላችሁ አንባቢዎች፣ ነገ ጠዋት ቦኔቱን ከፍታችሁ ባትሪውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ሳታሳስሩት ወደ ቡሌ አትውጡ።