ተጨማሪ መረጃ፦ ማራገቢያው፣ ጸጥታውና የልብ ድምፅ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የነርሲንግ መጽሐፏ ንጹሕ አየርንና ጸጥታን ከእንክብካቤ መሠረቶች ቆጥራቸዋለች። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሙቀት ግን ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ራሱ ጫጫታ ነው። ልብ ስታዳምጡ ለጥቂት ደቂቃ አጥፉት፤ በሩንም መለስ አድርጉት።

ምክንያቱም በአገራችን ወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ቫልቭ ጉዳት ሩማቲክ ነው፤ መነሻውም በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን። የሚትራል ቫልቭ ሲጠብ የሚሰማው ማርመር ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። ታካሚዋን «እናቴ፣ እስቲ በግራ ጎንዎ ይተኙልኝ» በሏቸው፤ ትንፋሻቸውን አውጥተው ለአፍታ ይያዙ። የስቴቶስኮፑን ደወል የልብ ጫፍ በሚመታበት ቦታ ሳትጫኑ አሳርፉት። ከተጫናችሁት ቆዳው ይወጠርና እንደ ዲያፍራም ሆኖ ያንኑ ድምፅ ያጠፋዋል። ጉርምርምታው የሚመጣው ከሁለተኛው የልብ ድምፅ በኋላ ነው፤ የአንገት ደም ቅዳ ትርታ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ስለሚገጥም እሱን እየዳሰሳችሁ ለዩ። በልብስ ላይ ማዳመጥ (የተለመደ ቢሆንም) ዋጋ የለውም፤ መጋረጃ ጋርዱ።

የሰማችሁትን ቦታና ጊዜ መዝግባችሁ ለሐኪም አሳውቁ። ሕመሙ ሩማቲክ መሆኑ ሲረጋገጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ በመርፌ ይሰጣል።