አማዞን (የኢንተርኔት መደብር)

አማዞን በኢንተርኔት አማካይነት ሸቀጥ የሚሸጥ የአሜሪካ የንግድ ድርጅት ነው። በ1994 በጄፍ ቤዞስ ተመሠረተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ይገኛል። ሥራውን የጀመረው መጽሐፍ በመሸጥ ሲሆን፣ አሁን ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ መጫወቻ፣ ምግብና ሌላም ብዙ ነገር ይሸጥበታል። ድርጅቱ ለሌሎች ኩባንያዎች የኮምፒዩተር አገልግሎት የሚያከራይ ክፍልም አለው፤ ይህ መጣጥፍ ግን ስለ መደብሩ ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማዞን በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ሌሎች ነጋዴዎች ዕቃቸውን የሚሸጡበት የገበያ ቦታም ነው። በድረ ገጹ ከሚሸጡት ዕቃዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሌሎች ነጋዴዎች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ገጽ ላይ ስለሚቀርቡና ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ካርቶን ስለሚደርሱ፣ ገዢው ከማን እንደገዛ ሳያስተውል ይከፍላል። ዕቃው ደህና ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም። ዕቃው ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ወይም በሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ግን «ሻጩ ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ታሪክ

ከቤት ሳይወጡ በኮምፒዩተር መግዛት ከአማዞን በፊት የታሰበ ነገር ነው። በ1979 እንግሊዛዊው ማይክል አልድሪች ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ትዕዛዝ ለመቀበል የሚያስችል ዘዴ ሠራ። በ1984 በጌትስሄድ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የ72 ዓመት ወይዘሮ በዚህ ዘዴ ቴሌቪዥናቸው ፊት ተቀምጠው ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል አዘዙ፤ ዕቃውም ከቴስኮ መደብር ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። ኢንተርኔት ወደ ሰው ቤት መግባት የጀመረው ከዚያ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ቤዞስ በኒው ዮርክ የነበረውን ሥራ ለቅቆ ወደ ሲያትል አካባቢ ሄደና ድርጅቱን በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ጀመረ። መጽሐፍን የመረጠበት ምክንያት ነበረው። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመጽሐፍ ዓይነቶች ስላሉ ሁሉንም መያዝ የሚችል አንድም ሱቅ የለም። አንድ መጽሐፍ ከየትም ቢገዛ ያው ስለሆነ እንደ ልብስ መለካት፣ እንደ ፍራፍሬ መታየት አያስፈልገውም። በፖስታ ሲላክም አይሰበርም። የድርጅቱ የመጀመሪያ ስም «ካዳብራ» ነበር፤ በስልክ ሲነገር «ሬሳ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ስለሚመሳሰል በደቡብ አሜሪካው ትልቅ ወንዝ ስም ተተካ። ድረ ገጹ በሐምሌ 1995 ለሕዝብ ተከፈተ።

በ1997 ድርጅቱ አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ፤ በተከታዩ ዓመት ከመጽሐፍ በተጨማሪ ሙዚቃና ፊልም መሸጥ ቻለ። በ2000 ሌሎች ነጋዴዎች በድረ ገጹ እንዲሸጡ ፈቀደ። በ2005 «ፕራይም» የተባለውን የአባልነት አገልግሎት ጀመረ። በ2006 ደግሞ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በአማዞን መጋዘን አስቀምጠው፣ ማሸጉንና መላኩን ለአማዞን የሚተዉበትን አሠራር አመጣ። የዛሬው መደብር መልኩን የያዘው በእነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ነው።

ግዢው እንዴት ይከናወናል?

ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ ስም ጽፎ ሲፈልግ፣ የዕቃዎች ዝርዝር ይቀርብለታል። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዳንዶቹ ነጋዴዎች ከፍለው ወደ ላይ ያወጧቸው ማስታወቂያዎች ናቸው፤ በትንሽ ጽሑፍ ምልክት ይደረግባቸዋል። አንድን ዕቃ ብዙ ነጋዴዎች ሊሸጡት ይችላሉ፤ ገጹ ግን አንድ ነው። ገዢው የመግዣውን ቁልፍ ሲጫን ከነጋዴዎቹ መካከል ሽያጩን የሚያገኘውን የሚመርጠው የአማዞን ሥርዓት ነው። ለዚህም ዋጋውን፣ የማድረሻውን ፍጥነትና የነጋዴውን ያለፈ አፈጻጸም ያመዛዝናል። የተመረጠው ሻጭ ስም ከቁልፉ አጠገብ ይጻፋል።

በዚያ ቦታ ሁለት ነገሮች ይነበባሉ፤ ማን እንደሚሸጥና ማን እንደሚልክ። በዚህም መሠረት ግዢው ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ይሆናል፦

• አማዞን ራሱ ሸጦ ራሱ ይልካል።
• ሌላ ነጋዴ ይሸጣል፤ አማዞን ከመጋዘኑ ይልካል።
• ሌላ ነጋዴ ሸጦ ራሱ ይልካል።

ብዙ ገዢዎች ይህን መስመር አያነቡትም። መደብሩ የተሠራውም ግዢው በፍጥነት እንዲያልቅ ነው። አማዞን የገዢውን አድራሻና የባንክ ካርድ አስቀምጦ በአንድ ጊዜ ጠቅታ ብቻ መግዛት የሚያስችለውን ዘዴ በ1999 በፈጠራ መብት አስመዝግቦት ነበር፤ መብቱ በ2017 አብቅቷል።

መጋዘንና ማድረስ

ትዕዛዙ ከተሰጠ በኋላ ሥራው ወደ መጋዘን ይሄዳል። በአማዞን ትላልቅ መጋዘኖች ዕቃ እንደ ሱቅ በየዓይነቱ አይደረደርም። ሠራተኛው ክፍት ቦታ ባገኘበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የጥርስ ብሩሽ ከመዝገበ ቃላት አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። የት እንዳለ የሚያስታውሰው ኮምፒዩተሩ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃም ሆነ እያንዳንዱ የመደርደሪያ ክፍል በመሣሪያ የሚነበብ ባለመስመር ምልክት አለው። ድርጅቱ በ2012 ኪቫ የተባለውን የሮቦት ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ፣ በብዙ መጋዘኖች ሠራተኛው ወደ መደርደሪያው መሄዱ ቀርቶ ሮቦቱ መደርደሪያውን ተሸክሞ ወደ ሠራተኛው የሚመጣበት አሠራር ተስፋፋ።

ይህ ፍጥነት የሚገኘው በሰው ጉልበትም ጭምር ነው። የመጋዘን ሠራተኞች የሥራ ፍጥነታቸው በኮምፒዩተር እየተለካ መሥራታቸውና በሥራ ላይ የሚደርስባቸው ጉዳት ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በ2022 በኒው ዮርክ፣ በስታተን አይላንድ የሚገኝ አንድ መጋዘን ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ፤ ይህም በአሜሪካ በአማዞን ውስጥ የመጀመሪያው ነበር።

ሌላው ጉዳይ የዕቃዎች መቀላቀል ነው። አማዞን ለብዙ ዓመታት የተለያዩ ነጋዴዎች የሚያመጡትን አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ምልክቱ አንድ ከሆነ፣ የአንዱን በሌላው ምትክ ይልክ ነበር። ይህ ለፍጥነት ይጠቅማል። ነገር ግን አንድ ነጋዴ ሐሰተኛ ዕቃ ቢያስገባ፣ ዕቃው ከሌላ ታማኝ ነጋዴ ለገዛ ሰው ሊደርስ ይችላል።

አስተያየትና ኮከቦች

በገበያ ቦታ ገዢ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ይዳስሳል፣ ከነጋዴው ጋር ይከራከራል። በኢንተርኔት ግን የሚያየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት አማዞን ከመነሻው ጀምሮ ገዢዎች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጡ አስተያየታቸውን እንዲጽፉ ፈቅዷል። ዕቃውን የሚነቅፍ አስተያየት እዚያው በሚሸጥበት ገጽ ላይ መውጣቱ በጊዜው እንግዳ ነገር ነበር።

አስተያየት ሽያጭን የሚወስን ሲሆን፣ አስተያየትን የሚሸጡ ሰዎችም መጡ። አንዳንድ ነጋዴዎች ለመልካም አስተያየት ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የአንድን የቆየ ዕቃ ገጽ ወስደው ሌላ ዕቃ በመተካት የቀድሞውን ዕቃ ኮከቦች ይወርሳሉ። አማዞን በ2016 በነፃ በተሰጠ ዕቃ ምትክ የሚጻፍ አስተያየትን በአብዛኛው ከለከለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2024 ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥና መግዛትን በቅጣት የሚከለክል ደንብ አወጣ። ጠንቃቃ ገዢዎች ከአምስቱና ከአንዱ ኮከብ ይልቅ መካከለኞቹን ያነባሉ፤ አስተያየቱ የተጻፈበትን ቀንና ስለዚያው ዕቃ መጻፉንም ያያሉ።

ዕቃ መመለስ

በአሜሪካ አብዛኛው ከአማዞን የተገዛ ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ገዢው በድረ ገጹ ምክንያቱን መርጦ ዕቃውን ወደተመደበ መቀበያ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ካርቶን እንኳ አያስፈልገውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ የሕግ መብት ነው፤ በኢንተርኔት የገዛ ሸማች ለአብዛኛው ዕቃ ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል።

የመመለስ ቀላልነት የሰውን የአገዛዝ ልማድ ለውጧል። የጫማ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ሁለት ቁጥር አዝዞ አንዱን ይመልሳል። የተመለሰው ዕቃ ተመርምሮ እንደገና ይሸጣል፣ በጅምላ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይም ይወገዳል። ወጪው በመጨረሻ በዕቃዎች ዋጋ ላይ ይታያል።

ፕራይም

የፕራይም አባል በየጊዜው የተወሰነ ገንዘብ እየከፈለ የማድረሻ ክፍያ ሳይጠየቅ በፍጥነት ዕቃ ይቀበላል። በአሜሪካ የዓመት ክፍያው በ2005 79 ዶላር ነበር፤ በ2022 139 ዶላር ደረሰ። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ክፍያውን ለመጠቀም ሲል ሌላ ሱቅ ሳያይ እዚያው ደጋግሞ ይገዛል። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 አማዞንን ሰዎችን ሳያስተውሉ አባል በማድረግና ከአባልነት መውጣትን በማወሳሰብ ከሰሰው። በመስከረም 2025 ድርጅቱ ክሱን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው።

ዕቃው ጉዳት ሲያደርስ

የሻጩ ማንነት ጥያቄ በግልጽ የታየው በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ነው። በካሊፎርኒያ አንዲት ሴት ከሌላ ነጋዴ በአማዞን በኩል የላፕቶፕ ባትሪ ገዙ። ባትሪው የተላከው ከአማዞን መጋዘን፣ በአማዞን ካርቶን ነበር። ከወራት በኋላ ፈንድቶ አቃጠላቸው። አማዞን «ሻጩ እኔ አይደለሁም» ሲል ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በነሐሴ 2020 አማዞን ዕቃውን ለገዢው በማድረስ ረገድ ዋና ድርሻ ስላለው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል ብሎ ወሰነ።

በቴክሳስ የተሰጠው ውሳኔ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሕፃን በአማዞን በኩል ከሌላ ነጋዴ ከተገዛ የቴሌቪዥን ሪሞት የወጣ ባትሪ ውጦ ክፉኛ ተጎዳ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021፣ አማዞን የዕቃው ባለቤት ስላልነበረ በግዛቲቱ ሕግ መሠረት ሻጭ ሊባል አይችልም አለ። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ድረ ገጽ ለተገዛ ዕቃ፣ የተጎጂው መብት እንደሚኖርበት ግዛት ይለያያል።

በዚያው በ2021 አማዞን በሌሎች ነጋዴዎች ዕቃ ለተጎዱ የአሜሪካ ደንበኞች እስከ 1,000 ዶላር ካሣ እንደሚከፍል አስታወቀ። በሐምሌ 2024 የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን፣ ነጋዴዎች አስቀምጠውበት አማዞን ለሚልካቸው ዕቃዎች ድርጅቱ በሕግ «አከፋፋይ» ነው ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ ከ400,000 በላይ ዕቃዎችን ይመለከታል፤ ከእነዚህም መካከል መርዛማ ጋዝን በትክክል የማያሳውቁ መሣሪያዎች፣ ከኤሌክትሪክ አደጋ መከላከያ የሌላቸው የፀጉር ማድረቂያዎችና በቀላሉ የሚቀጣጠሉ የልጆች የሌሊት ልብሶች ይገኛሉ። አማዞን ውሳኔውን በመቃወም በ2025 ክስ መሥርቷል።

በኢትዮጵያ

አማዞን በኢትዮጵያ መደብር የለውም፤ በብርም አይሸጥም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የጉምሩክ ቀረጥና ፖስታ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚሄድ መሆኑ በቀጥታ መግዛትን አስቸጋሪ ያደርጉታል። ስለዚህ የተለመደው መንገድ ዘመድ ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ቤተሰብ ዕቃውን በራሱ አድራሻ ያዝዛል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በሻንጣው ይዞት ይመጣል።

በዚህ መንገድ የመጣ ዕቃ ሁለት ችግሮች ሊገጥሙት ይችላሉ። አንደኛው፣ መንገደኛ እስኪገኝ የመመለሻው 30 ቀን ያልፋል፤ ዕቃው ቢበላሽም ወደ ሻጩ የሚመልሰው የለም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የአሜሪካ ቤቶች 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ቤቶች 220 ቮልት ይጠቀማሉ። በጀርባው «100–240» ተብሎ የተጻፈበት የስልክ ወይም የላፕቶፕ ቻርጀር በሁለቱም ይሠራል። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የቡና መፍጫ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ግን ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል።

በአገር ውስጥ በኢንተርኔት መገበያየት ሌላ መልክ ይዟል። ብዙ ነጋዴዎች ጫማ፣ ልብስና ስልክ በቴሌግራም ቻናል ያስተዋውቃሉ፤ ገዢው ይደውላል፣ ዕቃው በሞተር ሳይክል ይደርሰዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ እውቅና ሰጠ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ ብዙ ገዢዎች ዕቃውን በር ላይ አይተው ከዚያ በኋላ መክፈልን ይመርጣሉ። በአማዞን ገዢው አስቀድሞ ከፍሎ ካልወደደው ይመልሳል፤ እዚህ ደግሞ አስቀድሞ አይቶ ካልወደደው አይከፍልም። የመመለሻ ሥርዓት በሌለበት ገበያ የገዢው ዋስትና ይህ ነው።