«ኮምፒዩተር ለሴት ልጅ ምን ይሆናታል?»

«ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ልምረጥ ትለኛለች። ነርስ ብትሆን አይሻላትም?» ሲሉ አንዲት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ እናት አጫወቱኝ።

ስጋታቸው አይፈረድበትም። ብዙዎቻችን ኮምፒዩተር ሲባል የሚታየን በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ነው። ትምህርቱ ግን የታይፕ ሥራ አይደለም። ተማሪዋ ለማሽኑ የሥራ ትእዛዝ መጻፍን፣ የብዙ ሺህ ሰዎችን መዝገብ በወጉ ማደራጀትን፣ አንዱን ኮምፒዩተር ከሌላው ማገናኘትን ትማራለች። ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ከተማይቱ ግን በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒክ ከተከፈተባት ጀምሮ ለሙያ ትምህርት እንግዳ አይደለችም።

«የወንድ ሙያ ነው» የሚሉም አልጠፉም። በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኢኒያክ ለተባለው ግዙፍ ማሽን የሥራ ትእዛዙን ያዘጋጁት ስድስት ሴቶች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ስማቸውን ያነሳ አልነበረም። (የእኛስ የቤት ሥራ መች ይነሳል!)

ይህን ስነግራቸው እናትየዋ ሌላ ጭንቀት አወጡ። ልጅቱ የራሷ ኮምፒዩተር የላትም፤ ልምምዱም በቤተ ሙከራው ሰዓት ብቻ አያልቅም።

«የዕቁቡን ዕጣ አስቀድመው እንዲሰጡኝ ዳኛውን ለምኛለሁ» አሉኝ። ነርስነቱን ደግመው አላነሱትም።